ስለ ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ሥራና ሥልጣን (በእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



 ባለፈው ዓመት አብረውን ተቀምጠው ዛሬ በመካከላችን የሌሉትን አባሎቻችንን ነፍስ ይማር።

ኮሚቴው እንድናገርበት የሰጠኝ ርእስ «የፓርቲ ዋና ጸሐፊ ሥራና ሥልጣን» የሚል ነው። ፖለቲካና ቀብር ምን አገናኛቸው የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ጥቂት ታገሡኝ፤ የሚገናኙበትን ቦታ አሳያችኋለሁ።

ነገሩን ከአንድ የድሮ ጥያቄ ልጀምረው። በ1972 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ አደራጅ ኮሚሽን፣ ባጭሩ ኢሠፓአኮ፣ ሲቋቋም ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የኮሚሽኑ ሊቀ መንበር ሆኑ። የደርጉም ሊቀ መንበር እሳቸው ነበሩ። አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በ1976 ዓ.ም. ጳጉሜን፣ አዲስ አበባ ላይ የፓርቲው መሥራች ጉባኤ ተደርጎ ኢሠፓ ተመሠረተ። በዚያ ጉባኤ ሰውየው የፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ዋና ጸሐፊ ሆነው ተመረጡ። እኔ በዚያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመት ያልዘለልኩ ልጅ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የገቢና የወጪ ደብዳቤ መዝጋቢ ነበርኩ። ዜናው በሬዲዮ እንደተነገረ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ፣ ዕድሜያቸው የገፋ የወገራ ሰው፣ ወደ መስኮቴ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ እንደው ምን አጥፍተው ነው ከሊቀ መንበርነት ወደ ጸሐፊነት ያወረዷቸው?» አሉኝ።

ሽማግሌው ቀልደኛ አልነበሩም፤ እውነታቸውን ነው የጠየቁት። በእሳቸው ዓለም ዳኛ ይፈርዳል፣ ጸሐፊ ይጽፋል። ጸሐፊ ማለት አለቃው ሲናገር ብዕር የሚይዝ ሰው ነው። በእድርም ቢሆን ዳኛው ከመካከል ይቀመጣል፣ ጸሐፊው ከጎን፣ ገንዘብ ያዡ ደግሞ ሣጥኑ አጠገብ። ታዲያ የአገር መሪ እንዴት ጸሐፊ ይባላል? በዚያ ቀን የሰጠኋቸውን መልስ አላስታውስም። ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ስለሆነ፣ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

መቼም በእኛ አገር ጸሐፊነት ከጥንት ጀምሮ የተከበረ ሥራ ነው። በዚህችው በጎንደር፣ ነገሥታቱ በፋሲል ግቢ በነበሩበት ዘመን፣ ጸሐፌ ትእዛዝ የሚባሉት ሊቃውንት የንጉሡን ትእዛዝ ይጽፉ፣ ዜና መዋዕሉንም ይመዘግቡ ነበር። የአድያም ሰገድ ኢያሱን ዜና መዋዕል ጸሐፌ ትእዛዝ ሐዋርያ ክርስቶስ ጀመረው፤ እሱ ሲሞት ዘወልድ ቀጠለው፤ የአፄ በካፋን ደግሞ ሲኖዳ ጻፈው። እኛ ዛሬ ስለ እነዚያ ነገሥታት የምናውቀው አብዛኛው ነገር እነዚህ ሰዎች በብራና ላይ እንዲቀመጥ የፈቀዱት ነው። ያልጻፉት ቀርቷል። እንግዲህ የጸሐፊ ሥልጣን የመጀመሪያው ደረጃ ይኸ ነው፤ የተጻፈው ይኖራል፣ ያልተጻፈው እንዳልነበረ ይሆናል።

በእኛ ዘመን አቅራቢያ ደግሞ ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ነበሩ። ከ1933 ዓ.ም. እስከ 1947 ዓ.ም. የጽሕፈት ሚኒስትር ሆነው ሠሩ። ማህተሙ በእሳቸው እጅ ነው። አዋጅ የሚወጣበት ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ጀምሮ የሚታተመው በእሳቸው መሥሪያ ቤት በኩል ነው። ወደ ጃንሆይ የሚገባ ወረቀት በእሳቸው ጠረጴዛ ላይ ያልፋል። በዚህ የተነሣ ከጃንሆይ ቀጥሎ የሚፈሩት ሰው ሆኑ፤ መኳንንቱ ሳይቀር ደጅ ጠናቸው። በ1947 ግን ጃንሆይ ከቦታው አነሧቸውና ወደ አርሲ ጠቅላይ ግዛት ላኳቸው፤ ነገሩ በአንድ ቀን አለቀ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የጽሕፈት ሚኒስትሩ የቱንም ያህል ቢበረቱ ከበላያቸው የሚሽራቸው አለ። ንጉሡን የሚሽር የለም፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

ከሁሉ በላይ የሆነ የፓርቲ ዋና ጸሐፊ የሚባለው ነገር የመጣብን ግን ከሩሲያ ነው። የውጭውን አገር ነገር በፈረንጅ አቆጣጠር እናገራለሁ፤ በ1922 በኤፕሪል ወር የሩሲያ ኮሙኒስት ፓርቲ ስታሊንን ዋና ጸሐፊ አድርጎ መረጠ። በዚያን ጊዜ ማንም እንደ ትልቅ ሹመት አላየውም። የመንግሥቱ መሪ ሌኒን ነው። ጦሩን የሚመራው ትሮትስኪ ነው። ንግግር አዋቂው፣ መጽሐፍ ጸሐፊው ሁሉ ሌላ ቦታ ይዟል። ለስታሊን የደረሰው ወረቀት ነው፤ ማለትም የአባላት መዝገብ፣ የስብሰባ አጀንዳ፣ የሠራተኛ ምደባ። ጓደኞቹ «ጓድ የካርድ ሣጥን» እያሉ ያፌዙበት ነበር ይባላል። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህን ሲሰማ አይስቅም። የካርዱ ሣጥን ማለት ምን እንደሆነ እኛ እናውቃለን።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ በዝግታ ልንገራችሁ፤ የንግግሬ ዋናው እዚህ ላይ ነውና። ዋናው ጸሐፊ በመዝገቡ ላይ ያሉትን ሰዎች ያውቃል። ማን ብልህ ነው፣ ማን ታዛዥ ነው፣ ማን ያኮርፋል፣ ሁሉም በካርድ ተጽፏል። በአንድ ጠቅላይ ግዛት የፓርቲ ጸሐፊ ቦታ ክፍት ሲሆን ከካርዱ መዝዞ ሰው ይልካል። ያ የተላከው ጸሐፊ በግዛቱ ለፓርቲው ጉባኤ የሚሄዱትን ተወካዮች ያስመርጣል። ተወካዮቹ ዋናው ከተማ ሄደው ማዕከላዊ ኮሚቴውን ይመርጣሉ። ማዕከላዊ ኮሚቴው ደግሞ ዋናውን ጸሐፊ ይመርጣል። አያችሁት? እሱ የመረጣቸው የመረጧቸው ተመልሰው እሱን መረጡ። ክብ ሆነ። በወረቀት ላይ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ምርጫ ነው፤ ደንቡም እንዲያ ነው የሚለው። በተግባር ከላይ የጀመረ ውኃ ዞሮ እዚያው ምንጩ ላይ ገባ። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም የተሰረቀ ድምፅ ላይኖር ይችላል። ቆጠራው ትክክል ነው፤ የተበላሸው መዝገቡ የተያዘበት መንገድ ነው።

ሌኒን ነገሩ ዘግይቶ ገባው። በ1922 መጨረሻ ታሞ ተኝቶ ባስጻፈው ደብዳቤ ዋናው ጸሐፊ በእጁ የሰበሰበው ሥልጣን ከልክ ያለፈ መሆኑን አመለከተ፤ በ1923 ጃንዋሪ ደግሞ ከቦታው የሚያነሡበትን መንገድ እንዲፈልጉ ጓደኞቹን መከረ። ሌኒን በ1924 ሞተ። ደብዳቤው ለጉባኤው ተወካዮች በዝግ ተነበበላቸው። ስታሊንም ከቦታው አልተነሣም። ስታሊን የመንግሥቱን የጠቅላይ ሚኒስትርነት ወንበር የያዘው በ1941 ነው። እስከዚያ ድረስ ወደ ሃያ ዓመት ያህል ያን ታላቅ አገር ሲገዛ፣ ሚሊዮን ሰው ሲያሥርና ሲያስገድል፣ ዋናው ሥራው የጸሐፊ ሥራ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጣው ክሩሽቾቭ ግን በ1964 ኦክቶበር በገዛ ማዕከላዊ ኮሚቴው ተሽሮ በጡረታ ቤቱ ገባ። ስለዚህ ክቡ የማይሰበር ነው ማለት አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ይሰበራል፤ የሚሰብሩት ግን ውስጡ ያሉት ናቸው፣ ሕዝቡ በሩቅ ነው የሚሰማው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ።

ደርግ ከኢሠፓ በፊትም ዋና ጸሐፊ ነበረው። በ1969 ዓ.ም. ታኅሣሥ ደርጉ አሠራሩን እንደገና አደራጀና ሥልጣኑን አከፋፈለ። ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ሊቀ መንበር፣ ሻምበል ዓለማየሁ ኃይሌ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ለመንግሥቱ ኃይለ ማርያም የሚኒስትሮቹ ጉባኤ ቀረላቸው። በወረቀቱ መሠረት የሥልጣኑ ክብደት ወደ ዋናው ጸሐፊ ክፍል ሄዷል። አንድ ወር አልፎ ጥቂት ቀን እንደሆነ፣ ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ ተፈሪ በንቲና ዓለማየሁ ኃይሌ ከሌሎች የደርግ አባላት ጋር በቤተ መንግሥቱ ግቢ ተገደሉ። የደርጉ ዋና ጸሐፊነት ለፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ ተሰጠ። እንግዲህ ዓለማየሁ ኃይሌ ደንቡን ያዙ፣ ወረቀቱን ያዙ፣ ጠመንጃው ግን ሌላ እጅ ነበር። በኔ ግምት መንግሥቱ ከዚህ ሁለት ነገር ተምረዋል። አንደኛ፣ ጠመንጃ ከወረቀት ይቀድማል። ሁለተኛ፣ የዋና ጸሐፊነት ወረቀት በሌላ ሰው እጅ ከቆየ አንድ ቀን ይጎዳል። በ1976 ጳጉሜን ሁለቱን በአንድ እጅ ያዙ። የዘበኛው ጥያቄ መልስ ይኸ ነው፤ አልወረዱም፣ የቀረችውን ቁልፍ ወሰዱ።

ሌላም ዋና ጸሐፊ ነበር፣ ያውም ስሙ በጋዜጣ የማይወጣ። ኢሕአፓ የሕቡዕ ፓርቲ ስለነበረ፣ ዋና ጸሐፊዎቹን እነ ብርሃነ መስቀል ረዳን፣ ኋላም ተስፋዬ ደበሳይን፣ ተራው አባል በመልክ አያውቃቸውም። ትእዛዝ በሰንሰለት ይመጣል፣ ከማን እንደመጣ አይጠየቅም። ተስፋዬ ደበሳይ በ1969 መጋቢት አዲስ አበባ በተደረገው አሰሳ ሞቱ። ብርሃነ መስቀል ከድርጅቱ ተጣልተው ወጡ፣ ተያዙና በ1971 በደርግ ተገደሉ። የነሱን ፖለቲካ እዚህ ልመረምር አልተነሣሁም። ነገር ግን ባላዩት ዋና ጸሐፊ ትእዛዝ የወጡና ባላዩት ሊቀ መንበር ትእዛዝ የተገደሉ ልጆች በዚህ ከተማ በያንዳንዱ መንደር አሉ። በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ክፍለ ሀገሩን ሻለቃ መላኩ ተፈራ ያስተዳድር በነበረበት ወቅት፣ የልጅን ሬሳ አንሥቶ መቅበርና ማልቀስ እንደ ወንጀል ይታይ ነበር። የእድራችንን የድሮ መዝገብ ያገላበጠ ሰው የ1970ን ዓመት ቢያይ፣ ከፊቱና ከኋላው ካሉት ዓመታት ይልቅ ጥቂት ቀብር ተጽፎበት ያገኘዋል። ብዙ ሰው በሞተበት ዓመት ጥቂት ስም። ጥሩምባ አልተነፋም፣ ድንኳን አልተተከለም፣ ጸሐፊው አልጻፈም። እሱን አልወቅሰውም፤ ቢጽፍ ኖሮ የሚቀጥለው ስም የራሱ በሆነ ነበር።

ኢሠፓ ከተመሠረተ በኋላ ነገሩ በኛ ጠረጴዛ ላይ እንዴት እንደታየ ልንገራችሁ። በየክፍለ ሀገሩ የፓርቲ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ኮሚቴውን የሚመራው አንደኛ ጸሐፊ ተባለ። ወደ አውራጃና ወረዳም እንዲሁ ወረደ። የክፍለ ሀገሩ ዋና አስተዳዳሪ እንደ ድሮው ቢሮው አለ፣ መኪናው አለ፣ ማህተሙም አለ። እኛ መዝገብ ቤቶች ግን ሥልጣን የት እንዳለ የምናውቀው በግርጌ ጽሑፍ ነው። ደብዳቤው ሲያልቅ በስተግራ ከታች «ግልባጭ» ተብሎ የሚጻፈውን ታውቁታላችሁ። ዱሮ ግልባጩ ለአስተዳደሩ ይሄድ ነበር። በኋላ መጀመሪያ የሚጻፈው የፓርቲው ኮሚቴ ሆነ። ቀስ በቀስ ደግሞ አንዳንድ ደብዳቤ ዋናው ለፓርቲው፣ ግልባጩ ለአስተዳዳሪው መሄድ ጀመረ። ይህን ሳይ «በቃ፣ ቤቱ ዞረ» አልኩ። አዋጅ አልታወጀም፤ የአድራሻው ቅደም ተከተል ብቻ ነው የተለወጠው።

ሰው መመደብ ሲመጣማ ምን ልበላችሁ። የመምሪያ ኃላፊ ሊሾም ሲታሰብ የግል ማኅደሩ ወደ ፓርቲው ይላካል፣ ከዚያ እስኪመለስ ሁሉም ይጠብቃል። ሃያ ዓመት በሥራው የቆየ ሰው ማኅደሩ ውስጥ የማያውቃት አንዲት ወረቀት ገብታ ወደ ኋላ ስትጎትተው አይቻለሁ። ወረቀቷን ማን እንደጻፋት አይታወቅም፤ እሱ እንዲያያት አይፈቀድለትም።

ከላይ ያለውም ከዚህ አይለይም። የፓርቲው ፖሊት ቢሮ አሥራ አንድ ሙሉ አባላት ነበሩት፤ ከነዚህ ሰባቱ የቀድሞ የደርግ ሰዎች ናቸው፣ ዋናው ጸሐፊ ራሳቸው ተቆጥረው። የሠራተኛ ፓርቲ ተባለ እንጂ ሠራተኛው እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ አልተቀመጠም። ሥርዓቱ «ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት» ይባል ነበር፤ የታችኛው አካል ይመርጣል፣ የላይኛው አካል ውሳኔ የታችኛውን ይገዛል ማለት ነው። ከሁለቱ ቃላት ሁለተኛው ብቻ ነበር የሚሠራው።

አንድ ሰው ብቻ አጀንዳ ሲይዝ የሚመጣው ጉዳት ምን እንደሆነ በዚያው ዓመት ታየ። ፓርቲው ሲመሠረትና የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በመስከረም 1977 በታላቅ ድግስ ሲከበር፣ በወሎና በትግራይ ሰው በረሀብ ይረግፍ ነበር፤ የኛም ሰሜን ደጋ ከችግሩ አላመለጠም። ረሀቡ በዓሉን እንዳያበላሽ ድምፁ ዝቅ ተደረገ። ዓለም በሙሉ የኮረምን ሥዕል ያየው በጥቅምት 13 ቀን 1977 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ባሳየው ፊልም ነው። ከዚያ ደግሞ ሰፈራው በጥድፊያ መጣ፤ ወደ 600,000 የሚሆን ሕዝብ ከቦታው ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተጓዘ። ሰፈራ በራሱ ክፉ ነው አልልም፤ ሰው ከተራቆተ መሬት ወደ ለም መሬት መሄዱ ከጥንት የነበረ ነው። ነገር ግን ኮታ ከላይ ሲወርድ፣ የወረዳው ጸሐፊ ኮታውን መሙላት እንጂ «ይህ ገበሬ አልፈለገም» ብሎ መጻፍ አይችልም። ቢጽፍ ቦታውን ያጣል። እንዲህ እያለ ወደ ላይ የሚወጣው ሪፖርት ሁሉ ያማረ ይሆናል። ዋናው ጸሐፊ በመጨረሻ የሚያነበው ራሱ ያስጻፈውን ነው።

በ1979 ዓ.ም. ጥር ለሕገ መንግሥቱ ድምፅ ተሰጠ፣ ከዚያም ኢሕዲሪ ተመሠረተ። ሕገ መንግሥቱ ፓርቲውን የመንግሥትና የኅብረተሰቡ መሪ አደረገው። ከዚያ ወዲህ በሬዲዮ የሚነበበው ማዕረግ ረዘመ፤ የኢሠፓ ዋና ጸሐፊ፣ የኢሕዲሪ ፕሬዚዳንትና የጦር ኃይሎች ዋና አዛዥ። ልብ በሉ፣ ቀድሞ የሚጠራው ጸሐፊነቱ ነው፤ ፕሬዚዳንትነቱ ይከተላል። በዚያው ዘመን የኛ ክፍለ ሀገር ሰሜን ጎንደርና ደቡብ ጎንደር ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ለኛ ይህ ማለት አዲስ ማህተም፣ አዲስ ባለ አርማ ወረቀት፣ ፋይሉንም ሁሉ እንደገና መለየት ነበር። የዚያን ጊዜ የበላነው አቧራ እስከ ዛሬ ሳንባዬ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

በ1982 የካቲት ፓርቲው ስሙን ለውጦ የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ አንድነት ፓርቲ ተባለ፣ ቅይጥ ኢኮኖሚም ታወጀ። ዘግይቷል። በ1983 የካቲት የቴዎድሮስ ዘመቻ የተባለው ውጊያ ከተማችንን ከደርግ እጅ አወጣት። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዋናው ጸሐፊ ከአገር ወጥተው ወደ ዚምባብዌ ሄዱ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ያ ሁሉ አባል፣ ያ ሁሉ ኮሚቴ፣ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ያለው ፓርቲ፣ ዋናው ጸሐፊ በሄዱ ጊዜ ተሰብስቦ ሌላ ዋና ጸሐፊ አልመረጠም። በአንድ ሳምንት በነነ። ክቡ መካከሉ ላይ የቆመችው አንዲት ምሰሶ ብቻ ስትሆን፣ እሷ ስትነቀል ሌላ የሚይዘው የለም። የሶቪየቱ ዋና ጸሐፊ ጎርባቾቭም ያንኑ ዓመት በነሐሴ 18 ከፓርቲው ሥራ ለቀቁ። በኛ አቆጣጠር አስተማሪውና ተማሪው በአንድ ዓመት በ1983 ወረዱ።

ዋና ጸሐፊ ሁሉ እንዲህ ነው እንዳትሉኝ። በእንግሊዝ አገር የሌበር ፓርቲ ዋና ጸሐፊ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነው፤ የፓርቲው መሪ ሌላ ሰው ነው። በቻይናም በ1980ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ሁ ያኦባንግና ዣኦ ዚያንግ ተራ በተራ ዋና ጸሐፊ ሆነው ሳለ፣ እውነተኛው ሥልጣን በሽማግሌው በዴንግ እጅ ስለነበር ሁለቱም ከቦታው ተነሥተዋል። ዛሬ ደግሞ እዚያው ቻይና ከ2012 ጀምሮ ዋና ጸሐፊ የሆኑት ሺ ጂንፒንግ ጦሩንም መንግሥቱንም ይዘዋል። ስሙ አንድ ነው፣ ክብደቱ ግን እንደ ያዡ ነው።

በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም ዋና ጸሐፊ ነበረው። መጀመሪያ በ1955 ዓ.ም. ለጊዜው ያገራችን ሰው አቶ ክፍሌ ወዳጆ ሠሩ፤ ቀጥሎ የጊኒው ዲያሎ ቴሊ ተመርጠው በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1964 እስከ 1972 አዲስ አበባ ተቀመጡ። እኚህ ሰው ሠላሳና አርባ መሪ የሚያዛቸው ጸሐፊ ነበሩ፤ ይጽፋሉ፣ ያስታርቃሉ፣ ይዞራሉ። ጊዜያቸው ሲያልቅ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የአገራቸው መሪ ሴኩ ቱሬ ደግሞ የገዢው ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ነበር። ዲያሎ ቴሊ በሤራ ተከሰው ታሰሩና በ1977 በካምፕ ቦይሮ እስር ቤት ምግብና ውኃ ተከልክለው ሞቱ። ሁለቱም ዋና ጸሐፊ ይባሉ ነበር። አንዱ ብዙ አለቃ ነበረው፣ ሌላው አንድም አልነበረው።

ከ1983 በኋላ በአገራችን የፓርቲ ቁንጮ ዋና ጸሐፊ መባሉ ቀረ። ኢሕአዴግ ሊቀ መንበር ነበረው፤ በ2012 የመጣው ብልጽግና ፕሬዚዳንት አለው። ማዕረጉ ተቀየረ። አሠራሩ ተቀይሯል አልተቀየረም የሚለውን እያንዳንዳችሁ በየቤታችሁ ተነጋገሩበት። እኔ የምለው፣ ሊቀ መንበር ይባል ፕሬዚዳንት፣ መዝገቡና አጀንዳው የት እንደሚያድር ጠይቁ።

እንግዲህ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ደረስን። ኮሚቴው ባዘጋጀው አዲሱ የመተዳደሪያ ደንብ ረቂቅ ውስጥ፣ አንቀጽ 14 «ጸሐፊ» የነበረውን «ዋና ጸሐፊ» ይለዋል። ስሙ ይሁን፤ በስም አልጣላም። ከዚያ ግን ሦስት ነገር ይሰጠዋል። የአባላት መዝገብ በእሱ ዘንድ ብቻ ይቀመጣል። የስብሰባ አጀንዳ እሱ ያወጣል። ሦስት ወር መዋጮ ያልከፈለ አባል በዋና ጸሐፊው ፊርማ ከመዝገብ ይሰረዛል። ረቂቁን ያዘጋጁት ወንድሞቻችን ክፋት አስበው አይደለም፤ ኮሚቴው ሦስት አራት ጊዜ ተጠርቶ ስለማይሟላ ሥራ እንዳይቆም ብለው ነው። ችግሩ እውነት ነው።

ነገር ግን አስቡት። አንዲት አሮጊት ልጇ ዘንድ ደባርቅ ሄዳ አራት ወር ታማ ትተኛለች። መዋጮዋ አልገባም። ዋና ጸሐፊው ይፈርማል፣ ስሟ ይወጣል። ስትሞት ልጆቿ ጥሩምባ ይነፋልን ብለው ይመጣሉ፤ «መዝገብ ላይ የለችም» ይባላሉ። ማን ይመሰክርላታል? መዝገቡ አንድ ነው፣ ያለውም ከሰራዡ ዘንድ ነው። በስብሰባ ላይ እንዳይነሣ ደግሞ አጀንዳው በእሱ እጅ ነው። በሚቀጥለው ምርጫ የሚመርጡት እሱ ያልሰረዛቸው ናቸው።

ለዚህ ቦታ የታጨሁት እኔ ራሴ መሆኔን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ስላመናችሁኝ አመሰግናለሁ። እንደ ረቂቁ ከሆነ ግን ሹመቱን አልቀበልም። ሥራውን ፈርቼ አይደለም፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ከመዝገብ ጋር ኖሬያለሁ። እነዚህ ሦስት ነገሮች ከተስተካከሉ እገባበታለሁ።

መዝገቡ በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ አንዱ ከኔ፣ አንዱ ከገንዘብ ያዡ ዘንድ ይቀመጥ፣ በየሦስት ወሩም ሁለቱ በሁለት ምስክር ፊት ይመሳከሩ። መሰረዝ የሚቻለው ስሙ በጠቅላላ ጉባኤ ተነብቦ፣ ቤቱ ድረስ ሰው ተልኮ፣ ምክንያቱ ከተጠየቀ በኋላ ብቻ ይሁን፤ የሞተ ሰው ደግሞ ሬሳው ሳይነሣ በዕዳ አይጠየቅ። አጀንዳውን ጸሐፊው ያዘጋጅ፣ ነገር ግን አምስት አባላት የፈረሙበት ጥያቄ ሲመጣ የግድ ይያዝ። ዘመኑም ሁለት ዓመት ይሁን፣ ከሁለት ጊዜ በላይ ተመልሶ አይመረጥ።

የረቂቁ ሁለተኛ ንባብ በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ድንኳኑና ወንበሩ በሚቀመጥበት መጋዘን ደጃፍ ነው። እስከዚያ መዝገቡን ጠዋት ጠዋት በዚያው ስፍራ ይዤ እቀመጣለሁ። የራሱን ስም፣ የሚስቱንና የልጆቹን ስም በትክክል መጻፉን ማየት የሚፈልግ ሁሉ ይምጣና ይይ። ማንበብ የማይችል ካለ አነብለታለሁ፤ ግን የኔን ንባብ ብቻ እንዳያምን ፊደል የቆጠረ ልጁን ይዞ ይምጣ።